ዓርብ የማይጀመር ሥራ

አዳንዎማሴ፣ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2003

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለአፉዋ ዱፊዬ፤ ያለሽበት ብርድ ይለዝብልሽ፣ የቆምሽበት መሬት ይጽናልሽ።

እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ሚስቴ ፍሬማ ደህና ናት፤ ምላሷም ደህና ነው፣ እንደምታውቂው ዕረፍት የለውም። ዶሮዎቹ ደህና ናቸው። የእናትሽን መቃብር ሣር ለአዲስ ዓመት ራሴ አጭጄዋለሁ።

ልታገቢ መሆኑን ያበሠረን ደብዳቤሽ ሐሙስ ዕለት ደረሰ። ፍሬማ ከደስታዋ የተነሣ ስትጮህ ጎረቤት እባብ የገባብን መስሎት ዱላ ይዞ መጣ። እኔ ግን ሄጄ መሸመኛዬ ላይ ተቀመጥኩ። የእናትሽ ወንድም፣ ወፋሽ፣ እኔ እያለሁ የሙሽራ ጨርቅሽን፣ ኬንቴሽን፣ ሌላ እጅ አይነካውም። እንደፈለግሽው ወርቃማና ጠቆር ያለ ሰማያዊ ይሆናል። ወርቃማው ለክብርሽ፣ ሰማያዊው ለትዳርሽ ሰላም። አርባ ዓመት ስሸምን ለሹም ሸምኛለሁ፣ ለሀብታም ሸምኛለሁ፤ እጄ እንዲህ የቸኮለበት ጊዜ ግን ትዝ አይለኝም።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። የማንበቢያ መነጽር ላኪልኝ፤ ቁጥር ሁለት ይበቃኛል። ዓይኔ የደከመ እንዳይመስልሽ። ዘንድሮ የክር ፋብሪካዎቹ ስስታም ሆነው ክሩን አቅጥነውታል።

አጎትሽ ክዋቤና በርኮ


ሐምቡርግ፣ ማርች 9 ቀን 2003

ለተከበሩ ለወፋ በርኮ፤ ከሩቅ ሆኜ ጉልበትዎን እስማለሁ። ለእማማ ፍሬማም ሰላምታዬ ይድረስልኝ። ምላሳቸውን ፈጣሪ ያቆይልን፣ ያለ እሱ ቤቱ አይደምቅም።

እኔ ደህና ነኝ። ያው የሆቴል አንሶላ እየተኮስኩ እውላለሁ፤ እጄ ከካውያው ሙቀት የተነሣ እዚህ አገር ብርድ የማያውቅ ብቸኛ ነገር ሆኗል። እጮኛዬ አዱሴይ ኬንቴውን እርስዎ ሊሸምኑልኝ መሆኑን ሲሰማ፣ «በቃ፣ እኔን ማንም አያየኝም ማለት ነው» አለ። እውነቱን ነው።

መነጽሩን በሰው ልኬያለሁ። ግን ልጠይቅዎ። ስለ ዶሮዎቹ ሳይቀር ጻፉልኝ፤ ስለ ስኳርዎ ግን አንድ ቃል የለም። ከተገኘብዎ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ኪኒኑን እየወሰዱ ነው? ዓይንዎንስ ሐኪም አይቶት ያውቃል?

እናቴም ስኳር ነበረባት። በየደብዳቤዋ «ደህና ነኝ» ትለኝ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይኗ አያይ እንደነበር የሰማሁት ከተቀበረች በኋላ ነው። ያኔ የመኖሪያ ወረቀት ስላልነበረኝ ብወጣ መመለስ አልችልም ነበርና ቀብሯ ላይ አልቆምኩም። ይህን ያነሣሁት ልወቅስዎ ብዬ አይደለም።

እጅዎን የምስም ልጅዎ ዱፊዬ


አዳንዎማሴ፣ ሜይ 18 ቀን 2003

ለዱፊዬ፤ ጠዋት የምትወጪበት ደጃፍ፣ ማታ የምትገቢበትም ደጃፍ ሰላም ይሁን።

ለመዘግየቴ ይቅርታ። ዝናብ ነበር፣ ለቅሶ ነበር፣ ሌላም ሌላም ነበር። መነጽሩ ደርሶኛል። ዕድሜ ይስጥሽ፤ መልኬን አሳምሮታል፣ ፍሬማ «አስተማሪ መሰልክ» ብላኛለች። ሆኖም እንደማየው የጀርመን ቁጥር ሁለት የእኛን ቁጥር ሁለት አያህልም። ቢቻልሽ ሦስት ተኩል ላኪልኝ።

ኬንቴሽን ጀምሬዋለሁ። ረቡዕ ዕለት ነው የጀመርኩት። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ማክሰኞ ልጀምር ብዬ ክሩ ዘገየብኝ፤ ሐሙስ ለቅሶ ነበር፤ ዓርብማ እንደምታውቂው ነው። አባታችን «ዓርብ የተጀመረ ሥራ አያልቅም፤ ቢያልቅም ባለቤቱ አይደሰትበትም» ብሎ አሳድጎናል። በእሱ መሸመኛ ላይ ዓርብ የተጀመረ አንድም ጨርቅ የለም፣ በእኔም የለም።

ስለ ስኳሬ ጠይቀሽኛል። ጠባዩ አምሯል፤ በዚህ ዓመት ተጣልተን አናውቅም። ኪኒኑንም እወስዳለሁ፣ ሲሰማኝ። ሳይሰማኝ መዋጥ ግን መድኃኒቱን ማባከን ነው። ሐኪሙ ዘንድ ደግሞ ከሠርግሽ በኋላ እደርሳለሁ። ዓይኔን አያመኝም፣ አያሳክከኝም፣ አይቀላም። ያልታመመ ነገር ይዤ ብሄድ «ምን ልታደርግ መጣህ?» ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ?

አጎትሽ በርኮ


ሐምቡርግ፣ ጁን 22 ቀን 2003

ለውድ አጎቴ ለወፋ በርኮ፤ ጤናና ዕድሜ ከደጃፍዎ አይራቅ።

ቁጥር ሦስት ተኩሉን ልኬልዎታለሁ። መጀመሪያ ግን ከመነጽር ሻጩ ጋር ያወራነውን ልንገርዎ። ሽማግሌ ነው፣ እንደ እርስዎ ቀልድ ይወዳል። «ለማን ነው?» አለኝ። «ለአጎቴ» አልኩት። «በማርች ቁጥር ሁለት ገዝተሽ አሁን ሦስት ተኩል?» አለና ቀልዱን ተወ። «አጎትሽ ስኳር አለባቸው?» አለኝ። አዎ ስለው መነጽሩን ከእጄ ቀማኝ። «እሳቸው የሚያስፈልጋቸው መነጽር አይደለም፣ ሐኪም ነው» አለኝ። ለምኜ ነው የሸጠልኝ።

ከዚያ ሄጄ ነርስ ጠየቅሁ። ያለችኝን ልክ እንዳለችው ልጻፍልዎ። ስኳሩ ከፍ ብሎ ሲቆይ ከዓይን ጀርባ ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ያበላሻል። ይህ ሲሆን አያምም፣ አያሳክክም፣ አይቀላም። ሰውየው በደንብ እያየም ዓይኑ እየተበላሸ ሊሆን ይችላል፤ ማየት ሲደበዝዝ ብዙው ነገር አልፏል። ስለዚህ ስኳር ያለበት ሰው ምንም ባይሰማውም በዓመት አንድ ጊዜ ሐኪም ጠብታ ጨምሮ ብሌኑን ከፍቶ ውስጡን ሊያይለት ይገባል። ኪኒኑም ሲሰማ የሚዋጥ አይደለም፤ በየቀኑ ነው፤ የደም ግፊትም መለካት አለበት። እርስዎ «ምን ልታደርግ መጣህ ቢሉኝ» ብለው ጽፈውልኛል። ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ መጣሁ ይበሏቸው።

ወፋ፣ ከሠርጌ በፊት ይሂዱልኝ። ሠርጉ ይቆያል፤ ሠርግ የትም አይሄድም።

ልጅዎ ዱፊዬ


አዳንዎማሴ፣ ኦገስት 10 ቀን 2003

ለዱፊዬ፤ ደግ ዜና ብቻ ስሚ።

ተፈጸመ! ኬንቴሽ አለቀ። በጠባቡ የሸመንኳቸው ጥብጣቦች ተገጣጥመው ተሰፍተው፣ ተጣጥፈው፣ ይህን ደብዳቤ በሚያመጣልሽ ነጋዴ እጅ ገብተዋል። ፍሬማ ሥራው እንደተጀመረ እህቷን ልታስታምም ሄዳ ሁለት ወር ስለቆየች ጨርቁን አላየችውም፤ ስለዚህም በሰላም ጨረስኩት። አየሽ፣ ነቃፊ ሲጠፋ ሥራ ይፈጥናል።

አሁን ደግሞ የምጠይቅሽ አንድ ጠንካራ የጠረጴዛ መብራት ነው። እዚህ የመብራት ኃይሉ ሰነፍ ሆኗል፤ አምፖሉ በርቶም ቤቱ ጨለማ ነው። መነጽሩ ጥፋት የለበትም።

አንዲት አስቂኝ ነገር ላጫውትሽ። ጨርቅሽ ላይ አንዲት ጥቁር ክር ተንጠልጥላ አስቸገረችኝ። በጥፍሬ ልነቅላት ስል የለችም። ቀና ስል ግድግዳው ላይ አገኛታለሁ። ግራ ዓይኔን ስከድን ትሄዳለች፣ ስገልጥ ትመለሳለች። ሳምንት ሙሉ ስንባረር ከረምን፤ አሁን ለምጃታለሁ፣ እንደ ቤተሰብ ሆናለች።

ሐኪሙን አልረሳሁትም። ከሠርግሽ በኋላ ብያለሁ፣ ቃሌ ቃል ነው።

አጎትሽ በርኮ


ሐምቡርግ፣ ኦገስት 24 ቀን 2003

ለወፋ በርኮ።

ዛሬ ሰላምታ አሳጥሬ እጀምራለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ፣ የምለው ብዙ ነው።

ኬንቴው ደርሷል። አልጋዬ ላይ ዘረጋሁትና ጎረቤቴን ማንሣን ጠራኋት፤ የማምፖንግ ልጅ ናት፣ የእኛው ሰው። በሩ ላይ ቆመች። ፊቷ ተለወጠ። ቀስ ብላ፣ «ዱፊዬ፣ ማን ሞቶባችሁ ነው?» አለችኝ።

ወፋ፣ ሰማያዊ የለውም። ወርቃማው አለ፤ ሰማያዊ መሆን ባለበት ቦታ ሁሉ ያለው ጥቁር ነው። በአንዱ ጥብጣብ ላይ ብቻ ሰማያዊው ይጀምርና መሐል ላይ ጥቁር ይሆናል። መሸጋገሪያው ላይ እጄን አድርጌ ቁጭ አልኩ። ክሩ የተጠቀለለበት ቀሰም አልቆብዎ ሌላ ሲያነሡ በሐሳቤ አየሁዎት። ያነሡት ጥቁሩን ነው፤ አላወቁትም።

አርባ ዓመት የሸመነ ሰው ለእህቱ ልጅ የሙሽራ ልብስ ብሎ የለቅሶ ጨርቅ አይሠራም። አላለቀስኩም ብልዎ ውሸት ነው። ስለ ጨርቁ ግን አላለቀስኩም፤ ጨርቁ ጨርቅ ነው። ያለቀስኩት እርስዎ አያዩም ብዬ ነው። መነጽሩም፣ ክሩም፣ መብራት ኃይሉም ጥፋት የለባቸውም። ያቺ የሚያባርሯት ክርም ክር አይደለችም፤ ነርሷን ጠየቅኋት፣ ዓይንዎ ውስጥ የፈሰሰ ደም ሊሆን ይችላል አለችኝ። ዛሬ ነገ የማይባልበት ነገር ነው ብላኛለች።

አንድ ነገር ደግሞ ልናገር፤ አራት ዓመት በሆዴ ይዤዋለሁ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። «ደህና ነኝ» የሚሉትን ደብዳቤዎች ሁሉ የጻፉት እርስዎ ነዎት። እጅ ጽሑፍዎን አውቀዋለሁ። ዓይኗ ጠፍቶ፣ እርስዎ አጠገቧ ተቀምጠው፣ «ደህና ነኝ» ብለው ጻፉልኝ። ጠይቄዎ አላውቅም። አሁንም መልስ አልፈልግም። የምፈልገው ለራስዎም ያንኑ እንዳይጽፉልኝ ነው።

ይሂዱ። ደብዳቤው በደረሰዎ ሳምንት ይሂዱ። እለምንዎታለሁ።

ዱፊዬ


አዳንዎማሴ፣ ሴፕቴምበር 28 ቀን 2003

ለልጃችን ለዱፊዬ፤ ይህን የምጽፈው እኔ ፍሬማ ነኝ። አጎትሽ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። «ያልኩሽን ብቻ ጻፊ» ብሎኛል። እሺ ብዬዋለሁ።

ዱፊዬ ልጄ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኝ ፍሬማ አነበበችልኝ። ሁለት ጊዜ አስነበብኳት። ስለ እናትሽ ያልሽውን ሰምቻለሁ፤ ስለ እሱ በራሴ እጅ እንጂ በሌላ ሰው እጅ አልጽፍልሽም። (ሁለተኛውን ጊዜ ሳነብለት ወደ ጓሮ ወጥቶ ብዙ ቆየ።)

እንዳልሽው ሳልቆይ ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 16 ቀን፣ ኩማሲ ዓይን ክሊኒክ ሄድኩ። ጠብታ ጨመሩብኝና የፀሐዩ ብርሃን ጠላቴ ሆነ፤ መንገዱን ሁሉ ፍሬማ እጄን ይዛ መራችኝ። (ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ፊት እጄን ይዞኝ አያውቅም ነበር።) ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። ብዙ ካየች በኋላ፣ «አባቴ፣ የግራ ዓይንዎ ውስጥ ደም ፈሷል፤ በጣም ተጎድቷል። ቀኙ ገና ነው። ቶሎ በጨረር ካልታከመ ግን ግራውን ይከተላል» አለችኝ። እኔም «ልጄ፣ ግራና ቀኝ እግርም ተከታትለው ነው የሚሄዱት» አልኳት። (እሷ አልሳቀችም። እኔም አልሳቅኩም።)

ስኳሬንም ለኩት። ነርሷ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አየችው። እኔ እንኳ ስኳር የሚባል ነገር በዚህ ወር አላየሁም፣ ዓይኔን ግንባር ያርገው። (በዚህ ዓይን አትማል አልኩት። ደግሞም በየጠዋቱ ሻዩ ውስጥ የቆርቆሮ ወተት እስከ ግማሽ ይገለብጣል፤ «ወተት ነው እንጂ ስኳር አይደለም» ይለኛል። የቀረውን ቆርቆሮ ለጎረቤት ሰጥቼዋለሁ።)

የጨረሩ ማሽን የሚሠራው ዓርብ ዓርብ ብቻ ነው። ቀጠሮ ሰጥተውኛል። በፈጣሪ ፈቃድ እንሄዳለን። አንቺ አታስቢ፤ ሥራሽ ላይ በርቺ። ስለ ኬንቴው ይቅርታ አድርጊልኝ። አጎትሽ በርኮ።

(ልጄ፣ ከዚህ በታች የእኔ ነው። ፊደሉን ያሳነስኩት እንዳያየው ነው፤ ትንሽ ፊደል አያነብም። ቀጠሮው ሴፕቴምበር 19 ነበር። ዝናብ ሊመጣ ነው ብሎ ቀረ፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። በ26ም ቀረ፤ ሚኒባስ ጠፋ አለ፤ ሚኒባሱ ደጃችን ላይ ቆሞ ጥሩንባ ይነፋል። ሐኪሟ «ለቀኙ ዓይን እያንዳንዱ ሳምንት ዋጋ አለው» ብላዋለች፣ እኔ ሰምቻለሁ። ለምን እንደሚቀር ብጠይቀው ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ምናልባት ለአንቺ ይነግርሻል። ፈርቻለሁ። ፍሬማ።)


ሐምቡርግ፣ ኦክቶበር 8 ቀን 2003

ለወፋ በርኮ፤ ቀኝ ዓይንዎን ፈጣሪ በመዳፉ ይያዝልኝ። እማማ ፍሬማ ጮክ ብለው ያንብቡልዎት።

እሑድ ስልክ ደወልኩ። የስልክ ቤቱ ሰውዬ ሊጠራዎ ሄዶ ተመለሰና «ተኝተዋል» አለኝ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ወፋ በርኮ ተኝተው አያውቁም። ስለዚህ ለምን እንደሚሸሹኝ ሦስት ቀን አሰብኩ፤ አንሶላ ስተኩስም አሰብኩ። ዛሬ ካውያውን ከእጄ ጣል አደረግሁት፤ ገባኝ።

ዓርብ ስለሆነ ነው። አይደል?

አልስቅብዎትም። እኔም በዚያ ቤት ነው ያደግሁት። ግን በራስዎ ሕግ ልሟገትዎ። ስምንት ዓመቴ ነበር። ለሹሙ የሚሠራ ጨርቅ ነበረዎት፤ ድሩን ሐሙስ ዘረጉት፣ ማጉን ማስገባት የጀመሩት ዓርብ ጠዋት ነው። እኔም «ወፋ፣ ዛሬ ዓርብ ነው!» ብዬ ጮህኩ። እርስዎም «ዝም በይ አንቺ፤ ጨርቅ የሚጀመረው ድሩ የተዘረጋ ዕለት ነው፤ የቀረው መቀጠል ነው» አሉኝ። ይኸው፣ ሐኪሟ ጠብታውን ጨምራ ዓይንዎን ያየችው ማክሰኞ ነው። ድሩ ማክሰኞ ተዘርግቷል። ዓርብ የሚሆነው መቀጠል ብቻ ነው።

ይህ ካላሳመነዎ ሌላ አለኝ። እኔ ማን ነኝ? አፉዋ ብላችሁ የጠራችሁኝ ዓርብ ስለተወለድኩ አይደለም? እናቴ ምጥ ሲይዛት «ዛሬ ዓርብ ነው፣ ለቅዳሜ ይቆይ» ያላት ሰው ነበር? በእቅፍዎ ይዘውኝ የወጡት እርስዎ ነዎት። የተጀመርኩት ዓርብ ነው፤ እርስዎም አልተከፉብኝም፣ ተደሰቱብኝ። ወይስ እስከ ዛሬ እየዋሹኝ ነው?

ወፋ፣ ስለ እኔ ብለው ዓርብ ይሂዱ። እናቴን አላዳንኳትም። ሁለት ጊዜ እንዲህ እንዲሆንብኝ አይፍቀዱ።

የዓርብ ልጅዎ ዱፊዬ


አዳንዎማሴ፣ ኖቬምበር 30 ቀን 2003

ለዓርብ ልጄ ለአፉዋ ዱፊዬ፤ አንቺን የሰጠችኝ እህቴ ነፍሷ በሰላም ትረፍ።

ይህን በራሴ እጅ ነው የምጽፈው። ፊደሌ እንደ ጎመን ቅጠል ገዘፈ ብለሽ አትሳቂ። አንዱን ገጽ ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። ፍሬማ «ልጻፍልህ» ስትል ወረቀቱን በክንዴ ከለልኩባት፤ አሁን ኩርፊያ ላይ ናት፣ ቤቱ ጸጥ ብሏል።

መጀመሪያ ክርክርሽን ልመልስ። የድሩ ነገር የጠበቃ ክርክር ነው፤ ማንኛውም ለማጅ ሸማኔ ያፈርስልሻል። ሹሙ ቸኩሎ ስለነበር ነው ያኔ እንዲያ ያልኩሽ። ሁለተኛው ግን አሸነፈኝ። ፍሬማ «ወይስ እስከ ዛሬ እየዋሹኝ ነው?» የሚለው ላይ ስትደርስ አስቆምኳት። እኔም ተነሥቼ ሸሚዜን ፈለግሁ። «የት ልትሄድ ነው? ዛሬ እኮ ሰኞ ነው» አለችኝ።

ኦክቶበር 24 ቀን ዓርብ ሄድኩ። አገጬን ብረት ላይ አስደገፉኝ። ሐኪሟ «አባቴ፣ አይንቀሳቀሱ» አለችኝ። «እኔ ሸማኔ ነኝ፤ አርባ ዓመት አንድ ቦታ የተቀመጠ ሰው አይንቀሳቀስም» አልኳት። በዚህኛው ሳቀች። ከዚያ አረንጓዴ ብልጭታ መጣ፤ ብልጭ፣ ብልጭ፣ ብልጭ። ማግ እንደምቆጥር ቆጠርኩት፤ ከሦስት መቶ በላይ ስደርስ ጠፋብኝ። ወደ ውስጥ ቆንጠጥ ያደርጋል፣ ከባድ ሕመም ግን የለውም። ኖቬምበር 7 ቀን ደግመን ሄድን፤ እሱም ዓርብ ነበር። አሁን ሐኪሟ ቀኙ ረግቷል ብላለች። በየሦስት ወሩ ታየዋለች። «ይህ ሕክምና የሄደውን አይመልስም፤ ያለውን ያቆያል። የሚያቆየው ደግሞ ስኳሩን እርስዎ ከያዙት ነው» ብላኛለች።

ስለዚህ እውነቱን ልጻፍልሽ። ግራው ሄዷል። ብርሃንና ጥላ ይለያል፣ ሰው አይለይም። ሴፕቴምበር 19 ብሄድ ኖሮ ይተርፍ እንደነበር ጠየቅኋት፤ «እሱስ ቀድሞ ነው የሄደው፤ ቀኙም ትንሽ ቢቆይ እንደዚያው ነበር» አለችኝ። ማታ ማታ በቀኙም ደብዘዝ ይለኛል። ጥሩ ሥራ የሚባለውን ጥለት ከእንግዲህ አልሸምንም። ግልጥ ግልጡን እሸምናለሁ፤ ፍሬማ ቀሰሞቹ ላይ ቋጠሮ አሥራልኛለች፣ ለሰማያዊው አንድ፣ ለጥቁሩ ሁለት። ኪኒኑን በየጠዋቱ እውጣለሁ፣ ቢሰማኝም ባይሰማኝም። የምበላው የፉፉ ገንፎ ከጭንቅላት ወደ ጡጫ አንሷል። ሻዬ መራራ ነው። ሕይወት መራራ ናት የሚሉ ሰዎች ይህን ሻይ አልቀመሱም።

አሁን ስለ እናትሽ።

አዎ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዓይኗ ከጠፋ በኋላ አሥራ አንድ ደብዳቤ ጽፌልሻለሁ። በእያንዳንዱ «ደህና ነኝ በልልኝ፤ ብትሰማ ወረቀቷን ጥላ ትመጣለች፣ ሕይወቷ ይበላሻል» ትለኝ ነበር። እኔም አልኩ። እጅዋን ይዤ ጓሮ የምወስዳት እኔ ነበርኩ። ቀለሙን እንድነግራት የሠራሁትን ጨርቅ በመዳፏ ትዳስስ ነበር። ዓርብ ቀን ሰበቤ ነበር ልጄ፤ ለዓርብ ሕግ እገዛለሁ፣ ግን ግማሹ ሰበብ ነው። የእሷን መጨረሻ አይቼ ስለነበር ሐኪም ፊት ቁጭ ብሎ «አንተም እንደ እህትህ» መባልን ፈራሁ። የሽማግሌ ፍርሃት ነው፣ ማንም አያውቅልኝም ብዬ ነበር። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ለሌላው ሰው እናገራለሁ እንጂ ለራሴ አልሰማሁትም። ለአንቺ ያጠፋሁት ጥፋት ከባድ ነው። ብትቀየሚኝ አልፈርድብሽም፤ ይቅር ብትይኝ ግን ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል። የአዱሴይ ዘመዶች ባለፈው ሳምንት መጥተው የጥሎሹን መጠጥ የሚያቀርቡበትን ቀን ጠየቁኝ። ልጅቷ ባሕር ማዶ ስለሆነች በእሷ ፈንታ ፎቶዋን ወንበር ላይ እናስቀምጣለን አሉኝ፤ አሁን እንዲህ ነው የሚደረገው። እኔም የአንቺን ፎቶ አውጥቼ አየሁት። ለቀኝ ዓይኔ አስጠግቼ አየሁት። ከሰባት ዓመት በፊት የተነሣሽው ነው። መጠጡን ልቀበል ወይስ ልተው ብዬ ሦስት ጊዜ ሙሽራዋን መጠየቅ የወፋ ሥራ ነው። ወንበሩ ላይ ላለው ወረቀት ግን ምን ብዬ ልጠይቀው? መልሼ ሰደድኳቸው። ቀን አልሰጠኋቸውም።

አሁን ወረቀት አለሽ። ብትወጪ የሚያግድሽ የለም። ለምን እንደማትመጪም አውቃለሁ፤ መቃብሩን ማየት ትፈሪያለሽ፣ «የት ነበርሽ?» የሚልሽን ሰው ትፈሪያለሽ። እኔም ሐኪሟን ፈርቼ ነበር፤ ዓርብንም ፈርቼ ነበር። ተነሽና ነይ። የት ነበርሽ የሚልሽን ሰው እኔ እመልስለታለሁ፣ ጥፋቱ የእኔ ነውና።

ይህችን አንዲት ዓይን ያቆየሽልኝ አንቺ ነሽ። ምን እንድታይልሽ ነው? የአዳንዎማሴን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ አይቼ ጠግቤዋለሁ፣ ፍሬማንም ሳይቀር። ያላየሁት አንቺን ነው።

ስትመጪ በቀኜ በኩል ቁሚ።

አጎትሽ ክዋቤና በርኮ